ሦስት እንቁላልና አሥራ አንድ ሐበሻ

ሰው ካረጀ በኋላ የማይነግሩት ነገር ይበዛል። ነጠላዬን ገልብጬ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ብገባ «እማማ፣ እንዴት አምሮብዎታል!» ይሉኛል እንጂ «ተገልብጧል» የሚለኝ አይገኝም። ወጥ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ብጨምር፣ በላዩ ውኃ እየጠጡበት «እጅዎ ይባረክ» ይላሉ። መንገድ ተሳስቼ ብመራማ የባሰ ነው፤ ከኋላዬ ተሰልፈው አብረውኝ ይጠፋሉ። አክብሮት ነው ይሉታል። አልጠላውም፤ መከበርን ማን ይጠላል? ግን ባለፈው ግንቦት፣ አንድ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ ይኸው አክብሮት ሦስት እንቁላል ከነቅርፊቱ ሊያስጠብሰኝ ምንም አልቀረው ነበርና ከዚያ ወዲህ በጥርጣሬ ዓይን ነው የማየው።

የዶሮ እንቁላል እንዳይመስላችሁ። ለዶሮ እንቁላል ይህን ያህል አፌን አላደክምም። እናት ያላቸው፣ ነፍስ የያዙ እንቁላሎች ናቸው። አደጋ ላይ ነበሩ፤ አደጋውም እኔ ነበርኩ። ይትረፉ አይትረፉ አሁን ብነግራችሁ ወጉን ጥላችሁ ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁና ጥቂት ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንተማመን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን እኔ ሳወራ የምትጽፈው ልጄ ሰብለ ናት። እሷ የማታምርበት ቦታ ላይ ስንደርስ ጣቷ ቶሎ ይደክመዋል። ስለዚህ ጽፋ ስትጨርስ ከላይ እስከ ታች ታነብልኛለች፤ ማንበብ ባልችል ጆሮ አላጣሁም፣ የጎደለውን አውቃለሁ።

የምንኖረው ፈረንጅ አገር፣ ካሮልተን በምትባል ከተማ ነው። ሰብለ ነርስ ናት። ባሏ ዳንኤል ፍሪስኮ ውስጥ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይውላል። ምን እንደሚሠራ ሦስት ጊዜ አስረድቶኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ «ጎበዝ!» ብዬዋለሁ። ምን ልበለው ታዲያ?

ይህ እኛ ያለንበት አገር ምን ይጎድለዋል? መንገዱ መንገድ ላይ ተደራርቦ ሰማይ ይነካል፤ አንዱ ሱቅ ብቻ አንድ ቀበሌ ያህላል። ባሕር ግን የለውም። ሐይቅ የሚሉት ሁሉ ሰው ገድቦ የሠራው ነው አሉኝ። እግዚአብሔር ራሱ የዘረጋውን ውኃ ለማየት አምስት ሰዓት ወደ ደቡብ መንዳት ያስፈልጋል፤ ጋልቨስተን ወደሚባል ደሴት። የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድንም ሰኞ ዕረፍት በሆነበት በዚያ ሳምንት ለመሄድ ቆረጠ። እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ነን። መኪናውን የሚነዳው ወንድም ግርማ ነው፤ በአዘቦት ቀን ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ፣ ጸሎቱ ረጅም፣ ልቡ ቅቤ የሆነ ሰው። ከአሥራ አንዳችን ሦስቱ ነርሶች ናቸው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ብትወረውሩ የሚመታው ነርስ ነው፤ የሚያክመውም ነርስ ነው።

እኔ ደግሞ የሄድኩት ፎቶ ላነሣ ነው። በእናቶች ቀን ልጆቼ ካሜራው ከአሮጌው የሚበልጥ ስልክ ገዙልኝ። ለእናንተ ፎቶ ፎቶ ነው፤ ለእኔ ግን ደብዳቤ ነው። ሌላው ሰው ለእናቶች የጸሎት ግሩፕ ጽሑፍ ሲልክ እኔ ያየሁትን እልካለሁ። በረዶ ከጣለ በረዶውን፣ ቲማቲም ከተወደደ ቲማቲሙን። አንድ ጉድለት ብቻ ነው ያለብኝ፤ በየፎቶው ጥግ ላይ አውራ ጣቴ አብሮ ይወጣል። ጓደኞቼ ለምደውታል። ጣቴ የሌለበት ፎቶ ስልክ «ማን ነው ያነሣው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ረፋድ ላይ ደረስን። ወንድም ግርማ መኪናውን ፓርክ አደረገ፣ ወረድን፣ ባሕሩን አየሁ። እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ቅር አለኝ። ባሕር ሰማያዊ ነው ብለው ነው ያሳደጉኝ፤ ይህኛው በክረምት የሞላ አዋሽ ነው የሚመስለው። ዳንኤል ፊቴን አይቶ «ከወንዝ የሚመጣ ደለል ነው እማማ፣ ማለቴ፣ ናቹራል ነው፣ ቆሻሻ አይደለም» አለኝ። እንደሱ ደንግጦ ሲከላከል ባሕሩን እሱ ገዝቶ ያመጣው ይመስላል።

ጥቂት ቆሜ ሳየው ግን ልቤ ተከፈተ። ማዶ የለውም! ውኃ ማዶ ከሌለው ሌላ ነገር ነው። ከማዕበሉ በላይ ከረጢት የመሰለ መንቆር ያላቸው ትልልቅ ወፎች አንድ ከአንድ ኋላ ተሰልፈው ያልፋሉ፤ አንዱ ክንፉን ሲያርገበግብ ሁሉም ያርገበግባሉ፣ አንዱ ሲተው ሁሉም ይተዋሉ። መዘምራኖቻችን አሥር ዓመት ተለማምደው እንዲህ አልገጠሙም። አሸዋው ላይ ዓይኑ በስንጥር የተሰካ የሚመስል ነጭ ሸርጣን ወጥቶ አየኝና ወደ ጎን ሮጦ ጉድጓዱ ገባ። ወደ ኋላ፣ ከአሸዋው ኮረብታ ላይ፣ ዘለላው እንደ አጃ የተንጠለጠለ ረጅም ሣር በነፋሱ ይሰግዳል። እኔ አነሣለሁ፣ አነሣለሁ። ጣቴም አብሮ ይነሣል።

ባሕሩ ዳር ግን ሰው ሞልቷል፤ ልብሳቸውን ቤታቸው ረስተው የመጡ ሰዎች። ለጸሎት ቡድን የሚሆን ስፍራ አይደለም። በእኛ ወግ ደግሞ ቦታ የሚመርጠው ትልቅ ሰው ነው፤ እሱ ሳይቀመጥ ማንም አይቀመጥም። ስለዚህ እኔ ስልኬን ይዤ ከፊት፣ አሥሩ ምንጣፍና ጥላ፣ በረዶ ሳጥንና ምሳ ተሸክመው ከኋላ፣ ከሰው ራቅ እያልን ሄድን።

እንዲህ ስንሄድ ከቀጭን ችካሎች ላይ የታሰረ ገመድ ጋ ደረስን። ገመዱ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ ወፍ ተስሏል፤ ከወፉ ሥር ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ እኔን አይመለከተኝም፣ ለሚያነብ ነው። ሥዕሉ ግን ይመለከተኛል። ሱቅ ደጃፍ ላይ ዳቦ ከተሳለ እዚያ ዳቦ አለ ማለት አይደል? ወፍ ከተሳለ እንግዲህ ወፍ አለ ማለት ነው! ፎቶ ለምታነሣ ሴት ከዚህ የበለጠ ምን ግብዣ አለ? ገመዱ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ በነፋስ ወድቆ ነበር፤ በር መሰለኝ። ቀሚሴን ከፍ አድርጌ ተሻገርኩ። ውስጡ ሜዳ ነው፤ ዛጎል የተበተነበት ንጹሕ አሸዋ፣ ሰው የሚባል የሌለበት። ዘወር ብዬ «እዚህ!» አልኩ። አሥሩም ገቡ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ አባቶች፤ ውሻዋን አሁን ታውቋታላችሁ።

ተነጠፈ፣ ጥላው ተተከለ፣ ቀዩ በረዶ ሳጥን ተቀመጠ። ጸለይን። የያዝነው ምሳ ድፎ ዳቦ፣ ቋንጣ ፍርፍርና… አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው፣ አንድ ትልቅ ሳህን የተቀቀለ እንቁላል ነው። እየላጥን እየበላን እንጫወታለን። ያን ጊዜ አንዲት እናት ከቅርብ ሆና አሥራ አንድ ሰው እንቁላል ሲሰብር እያየች እንደነበር በምን እናውቃለን?

አንድ ሁለት ጉርሻ እንደበላሁ ያቺ እናት ራሷ ከፊቴ ወጣች። ትንሽ ወፍ ናት፤ ጀርባዋ አሸዋ፣ ሆዷ ነጭ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር መስመር ዞሮባታል። እኛ ጴንጤዎች ማተብ አናስርም፤ እሷ ግን አስራለች። ስልኬን ላነሣ ስል አንድ ክንፏ ተዘረጋና መሬት ላይ ወደቀ። እየጎተተችው፣ እያነከሰች፣ «ፒት፣ ፒት» እያለች ታለቅሳለች። «ወይኔ ልጄን!» ብዬ ብድግ አልኩ። ስጠጋት ትንሽ ትሄዳለች፤ ስቆም ትቆምና መልሳ ትወድቃለች። ጉልበቴ ቢያመኝም ተከተልኳት። ወፍ ቆስላ እያየሁ እንቁላል ልብላ?

ተጣራሁ፤ ሁሉም መጡ። ሦስቱ ነርሶች ዙሪያዋን ቆመው ወዲያው ሐኪም ቤት አደረጉት። ሰብለ «ዲስሎኬት ያደረገ ነው የሚመስለው፣ ወልቋል» አለች። ሁለተኛይቱ «ኧረ ፍራክቸር ነው፣ ተሰብሯል፣ አያያዟን እይው» አለች። ሦስተኛይቱ «ሲመሽ ቢሆን ኖሮ አንቺ ‹ጠዋት ሺፍት ይየው› ብለሽ ትሄጂ ነበር» አለቻትና ሳቁ። ዳንኤል ስልኩን አውጥቶ ወፍ የሚታከምበት ቦታ ይፈልግ ጀመር። ወፏ ግን በሽተኛ ሆና ዝም ብላ አትቆይም፤ ትንሽ ትንሽ ትርቃለች፣ እኛም ከነክርክራችን እንከተላለን። ከምንጣፋችን አንድ መቶ እርምጃ ያህል ርቀናል።

በመጨረሻ ወንድም ግርማ ባርኔጣውን አወለቀ። እጁን ዘረጋ። ሁላችንም ዘረጋን። ለፍጥረት ሁሉ የሚራራውን ጌታ ጠርቶ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ጸለየና በመጨረሻ «በኢየሱስ ስም፣ ተነሺ!» አለ።

ተነሣች። ክንፏን እንደ አዲስ ዘርግታ ሽቅብ በረረች!

የሆነውን አትጠይቁኝ። «ሃሌ ሉያ» ያላለ የለም፤ ከሁሉ በላይ የጮኽኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰብለ አለቀሰች። (ይህንን ጻፊው። ጽፋዋለች።) ወንድም ግርማ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ «ለዚህ ነው ለካ አምስት ሰዓት የነዳኸኝ ጌታዬ» ይላል። የእሁዱ ምስክርነት ተገኘ፤ እዚያው በስልኩ ለምስክርነት አስመዘገበ። እየዘመርን ወደ ምሳችን ተመለስን።

ምንጣፉ ላይ ተመልሰን መብላት እንደጀመርን ያቺው ወፍ ዞራ መጣችና ከፊታችን ዱብ አለች። ክንፏም ወደቀ። አሁን ግን የወደቀው ቀኙ ነው።

«ቅድም ግራው አልነበር?» አልኩ። ሰብለ «ቀኝ ነበር» አለች። ጓደኛዋ «ግራ ነው፣ እኔ አይቻለሁ» አለች። ቻርት ላይ አልመዘገባችሁ፣ እንዲህ ነው ሥራችሁ ተባባሉ። ወንድም ግርማ ግራ ገብቶት እጁን እንደገና ለመዘርጋት አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ከገመዱ በኩል ፉጨት ጮኸ።

የኔ እኩያ የምትሆን ፈረንጅ ናት፤ ቀጭን፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ አንገቷ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር የተንጠለጠለ። ዶና እባላለሁ፣ የወፎቹ ጠባቂ ነኝ ያለችን ኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት ያለችው «አትንቀሳቀሱ!» ብቻ ነው። በዚህ አገር አትንቀሳቀሱ ሲባል እንደማይንቀሳቀሱ ሁላችንም እናውቃለን። እንዳለን ቀረን። ወንድም ግርማ በአንድ እግሩ። ዳንኤል ግማሽ እንቁላል ጉንጩ ውስጥ። እኔ አፌን ከፍቼ።

ሴትዮዋ የረገጠችውን እያየች፣ ጣቷን እያስቀደመች መጣችና ተናገረች። ሰብለ ፊቷ እየጠቆረ ተረጎመችልኝ። ወፏ አልታመመችም። አስመስላ ነው። ጠላት ሲመጣ ቆስያለሁ ብላ እያነከሰች ከልጆቿ ታርቃለች፤ ሲርቅላት ትበራለች። እንቁላሎቿ እዚሁ መሬት ላይ ናቸው፤ ጎጆ የላቸውም፣ መልካቸው አሸዋ ነው፣ ምናልባት ካንዳችሁ እግር ሥር ይሆናሉ። ሰው እዚህ እስካለ ድረስ ተመልሳ አትቀመጥባቸውም፤ በዚህ ፀሐይ ጥላ ካልሆነችላቸው ደግሞ ውስጣቸው ያለው ይሞታል።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። እኛን ያታለለችን ወፍ ናት፤ ደግማም ጣለችን።

ግን ያኔ መታለሌ አይደለም የቆረጠኝ። ያቺ ሚስኪን ስታለቅስልን የነበረው «ከቤቴ ውጡልኝ» እያለች ነው። እኔ ደግሞ ቤቷ ገብቼ፣ ልጆቿ ላይ ድግስ ደግሼ፣ ለክንፏ አዝናለሁ!

ይህም አልበቃ፤ ሴትዮዋ ምንጣፋችን ጋ ስትደርስ የእንቁላሉን ቅርፊት አየች። ክምር ቅርፊት። ፊቷ ወረቀት ሆነ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምን እንዳሰበች ገባንና አሥራ አንዳችንም ባንድ አፍ «የዶሮ ነው! ቺክን! ቺክን!» ብለን ጮኽን። ዳንኤል ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ግማሹ እንቁላል ወጥቶ አሸዋው ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አንድ ቅርፊት አንሥታ አሸተተችው። ጨውና በርበሬ ነው የሸተታት። ተነፈሰች።

አሁን የወፏን እንቁላል መፈለግ ሆነ። ሴትዮዋ ካለችበት ሆና ዓይኗን ታንከራትታለች፤ አታየውም። ያስቀመጠችው ምልክት ነበር፤ ነፋስ ወስዶታል፣ የቀረውን እኛ ረግጠነዋል። እርምጃ ማንሣት ፈርታለች። ፀሐዩ ደግሞ አናታችን ላይ ነው። ያቺ እናት ራቅ ብላ ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ ትሮጣለች። እኔ አራት ወልጃለሁ፤ ልጅን ከደጅ ሆኖ ማየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታወሰኝ። «ሰብለ፣ ፎቶ አለኝ በያት» አልኩ። «እማዬ፣ አሁን የፎቶ ሰዓት ነው?» አለችኝ። በያት አልኩሽ አልኳት፤ አለቻት። ስልኬን ተቀብላ በጣቷ ትገፋ ጀመር። ጣቴ። ባሕርና ጣቴ። ወፎችና ጣቴ። ሸርጣኑ የነበረበት ጉድጓድ። ጣቴ። ከዚያ የራሴ እግር መጣ፤ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ ጫማዬን አውልቄ አሸዋው ሲያምረኝ ያነሣሁት ነው። ከእግሬ ጎን ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ሦስት ጠጠሮች ነበሩ፤ ያነሣኋቸውም ስላማሩኝ ነው። ሴትዮዋ ፎቶውን በሁለት ጣት አስፍታ አየችና ወደ ሰብለ አዞረችው።

ጠጠር አይደሉም።

ከጠጠሮቹ ጎን ፎቶው ላይ የቀዩ በረዶ ሳጥን ማዕዘን ይታያል። ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ሳጥኑ አዞርን። እዚያው ናቸው፤ ከሳጥኑ አንድ ስንዝር። ውኃ ልናወጣ ስንት ጊዜ ነው በዚያ የተመላለስነው! ጌታ ሲጠብቅ በሳጥንም ይጠብቃል፤ የሳጥኑ ጥላ ሁለቱን ሸፍኗቸዋል። ሦስተኛው ግን ፀሐይ ላይ ወጥቷል።

ሳጥኑ ቢጎተት አሸዋው ይቀብራቸዋል። ዳንኤልና ወንድም ግርማ ከሁለት ወገን ይዘው፣ ሕፃን ከአልጋ እንደሚያነሡ፣ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ አነሡት። ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ ቅርፊቱ ተለቀመ። የራሳችንን ዱካ መልሰን እየረገጥን አንድ ባንድ ወጣን። እኔ የገባሁት አንደኛ ነኝ፤ የወጣሁት ግን መጨረሻ ነው።

ገመዱን ተሻግረን ከሰሌዳው ሥር እንደቆምን ሴትዮዋ፣ ቁጣ አይደለም፣ ግራ ገብቷት፣ «ይህን ያነበበ የለም?» አለች።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሰብለ መሬት መሬት እያየች «አንብቤዋለሁ፣ ግን እማዬ ገብታ ነበር» አለች። ዳንኤል «ሶ፣ እኔ እማማ ፈቃድ ጠይቀው መስሎኝ ነው» አለ። ማንን እንደምጠይቅ፣ በምን ቋንቋ እንደምጠይቅ አይናገርም። ወንድም ግርማ «ትልቅ ሰው የመረጠውን ቦታ አይሆንም ማለት ይከብደኛል» አለ። አንዷ ነርስ ሰሌዳው አሮጌ መስሏት፣ ሌላይቱ ሰብለ ትናገራለች ብላ። አሥሩም አንብበውታል! ስንት ዲግሪ፣ ስንት ላይሰንስ የተሸከመ ሰው፣ ማንበብ የማትችለውን አንዷን ተከትሎ ገባ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እነዚህስ ተምረው ነው የተጠመጠሙት!

«እኔ እንኳ አላነበብኩም፤ አልችልም» አልኩ። ሰብለ መተርጎሙ አሳፈራት፤ ተርጉሚ አልኳት። ሴትዮዋ ሰምታ አልሳቀችም። አጠገቤ መጣች፣ ጣቷን ከሰሌዳው ቃል ሥር አድርጋ ቀስ ብላ አንድ ባንድ አነበበችልኝ፤ ሰብለ በአማርኛ ተከተለቻት። እዚህ ወፎች ይወልዳሉ፣ እባካችሁ አትግቡ፣ ነው የሚለው። ይህችን ነገር አንድ ሰው ከኋላዬ ቢያንሾካሹክልኝ ምን ነበረበት?

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሴትዮዋ እንዳትንቀሳቀሱ፣ እንዳትናገሩ፣ ድምፅ ከሰማች አትመለስም አለችን። ቆምን። ወፏ መጣች፣ አየችን፣ ተመለሰች። እንደገና መጣች። ከላይ የባሕር አሞራ ሲያልፍ ተኛች፤ አሸዋ ሆነች፤ ዓይኔ እያያት ጠፋችብኝ። ምሳው በየዘንቢሉ ክፍት ነው፤ የቋንጣው ሽታ ይመጣል፤ ማንም አላየውም። የአንዷ ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ እንደ ጊንጥ በሁለት እጇ ጨቆነችው። ወንድም ግርማ ሳል ይዞት እንባው ወረደ እንጂ አልሳለም። እኔ ስንት ወሬ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ዋጥኩት! ዝም አይነቅዝም ብዬ ራሴን መከርኩ። ዳንኤል በኋላ ሰዓቱን አይቶ አርባ ደቂቃ አለን።

በመጨረሻ ወፏ ወደ ውኃው ሮጠች። ትታቸው ሄደች ብዬ ልቤ ወደቀ። ሄዳ ግን ሆዷን ማዕበሉ ውስጥ ነከረች፤ እርጥብ ሆዷን ይዛ በቀጥታ፣ ምንም ሳታነክስ፣ እየሮጠች ተመለሰችና ላያቸው ላይ ቆመች። ውኃውን አንጠባጠበችላቸው። ከዚያ ላባዋን ነፋ አድርጋ ተቀመጠች። ሴትዮዋ መነጽሯን ከአንገቷ አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። በመነጽሩ አየኋት፤ በመንቆሯ አንዱን እንቁላል ወደ ሆዷ ስትስብ። የቱ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ፀሐይ ላይ የነበረው ነው። ፎቶ ማንሣት ትዝ አላለኝም።

«ይተርፋሉ?» አልኩ ስንርቅ። ሴትዮዋ አሁን አይታወቅም አለች። የሰብለን ቁጥር ወሰደች። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት ስነሣ «ሰብለ፣ ሴትዮዋ አልላከችም?»፤ ከሥራ ስትገባ «አልላከችም?»። ካሮልተን ፀሐዩ ሲበረታ መጋረጃ እዘጋለሁ፤ ለማን እንደምዘጋ እንጃ።

በሰኔ፣ በአንዱ ማክሰኞ፣ ፎቶው መጣ። አሸዋ ነው። ሌላ ምንም የለም። ከሥሩ «ሦስቱም እዚህ አሉ» የሚል ጽሑፍ አለ ብላ ሰብለ አነበበችልኝ። ሰብለ ፈለገች፤ አላገኘችም። ዳንኤል በትልቁ ኮምፒውተሩ ላይ አድርጎ ፈለገ፤ አላገኘም። እኔ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁና አንድ በአንድ በጣቴ ነካኋቸው። ጥጥ በስንጥር ላይ የተተከለ የመሰሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዓይናቸው ያበራል። አልዋሻችሁም፤ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወንድም ግርማ ግን እስከዚያ ድረስ ሲጨነቅ ነበር። ያን ቀን ያስመዘገበውን ምስክርነት በየእሁዱ ለሚቀጥለው እያራዘመ ቆይቶ በመጨረሻ ቤታችን መጣና «እማማ፣ ያልታመመች ወፍ ዳነች ብዬ እንዴት ልመስክር? ልሰርዘው ይሆን?» አለኝ። «ምን በወጣህ! ተአምሩን እኮ አይተሃል፣ የቱ እንደሆነ ነው የተሳሳትከው» አልኩትና ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ አሰበ። ከዚያ አልሳቀም።

እሁድ መድረክ ላይ ወጣ። ስለ ወፏ፣ ስለ እንቁላሎቹ፣ ስለ ሦስቱ ጫጩቶች ሁሉንም ሳይደብቅ ተናገረ። በመጨረሻም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቅዱሳን ሆይ፣ በዚያ ቀን በዓይኔ ያየሁት ተአምር ይህ ነው፤ አሥራ አንድ ሐበሻ፣ ምሳ አጠገቡ ተከፍቶ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ዝም አለ!» አለ።

ወፏ ተፈወሰች ቢላቸው ኖሮ ጉባኤው ያለ አንዳች ጥያቄ አሜን ይል ነበር። ይህንን ሲሰሙ ግን ፓስተራችን መነጽራቸውን አወለቁና «ወንድም ግርማ፣ እርግጠኛ ነህ?» አሉት።